ፊደሉ እንዲጠራ ላፕቶፑን መዝጋት ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ነኝ፤ የሂሳብ ሥራ እሠራለሁ። ያገለገለ 15 ኢንች ላፕቶፕ አለኝ። በቅርቡ 24 ኢንች ሞኒተር፣ ኪቦርድና ማውስ ገዛሁ። ላፕቶፑን ክፍት ሳደርገው ሞኒተሩ ላይ ፊደሉ ይደበዝዛል፣ ስዘጋው ይጠራል። መጀመሪያ ስዘጋው ሁሉም ነገር ይጠፋ ነበር፤ ጓደኛዬ ሴቲንጉን ነካክቶልኝ አሁን ተዘግቶም ይሠራል። ችግሩ ከሰዓት በኋላ ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ሥራውም ይንቀረፈፋል። አንዱ ‹ስክሪኑ ይቃጠልብሃል› ይለኛል፣ ሌላው ‹ባትሪውን አውጥተህ በቀጥታ መብራት ሥራበት› ይለኛል። ደሴ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ የሱን ዓመት ሙሉ ዘግቶ ሠርቶበታል፣ ምንም አልሆነም። የማንን ልስማ?»

መልስ፦

ላፕቶፑን እንዲዘጉ ያደረገዎት የፊደሉ መደብዘዝ ነው፤ እሱ ደግሞ ከክዳኑ ጋር ጉዳይ የለውም። ሞኒተሩን ሲሰኩ ዊንዶውስ አንዱን ምስል ሁለቱም ስክሪን ላይ እያሳየ ነው። «ዱፕሊኬት» የሚባለው ይህ ነው። ሁለት ስክሪን አንድ ምስል ሲጋሩ ደግሞ ትልቁ በትንሹ ልክ ለመሥራት ይገደዳል። በየሱቁ የሚሸጡት ያገለገሉ 15 ኢንች ላፕቶፖች ብዙዎቹ 1366 በ768 ነጥብ ናቸው፤ 24 ኢንች ሞኒተር ግን አብዛኛውን ጊዜ 1920 በ1080 ነው። የላፕቶፑ አንድ ሚሊዮን ገደማ ነጥብ፣ የሞኒተሩ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ነጥብ ማለት ነው። የትንሽ ምጣድ ሊጥ በትልቅ ምጣድ እንደማስፋት ነው፤ ይደርሳል፣ ግን ሳስቶ ነው። ሲዘጉት ትንሹ ስክሪን ስለሚጠፋ ሞኒተሩ በራሱ ልክ ይሠራል፣ ፊደሉም ይጠራል።

ስለዚህ ላፕቶፑን ይክፈቱ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዘው የ«P» ፊደልን ይጫኑ፤ አራት ምርጫ ይወጣል። «ኤክስቴንድ» የሚለውን ይምረጡ። ከዚያ ዴስክቶፑ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው ዲስፕሌይ ሴቲንግስ ውስጥ ይግቡና ሞኒተሩን መርጠው 1920 በ1080 መሆኑን ያረጋግጡ፤ እዚያው ገጽ ላይ ሞኒተሩን ዋና ስክሪን ማድረግ ይችላሉ። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። አሁን እያንዳንዱ ስክሪን በየራሱ ልክ ይሠራል። ላፕቶፑ ላይ የሚበራው ስክሪን ዓይንዎን ከረበሸዎት «ሰከንድ ስክሪን ኦንሊ» የሚለውን ይምረጡ፤ ክዳኑ ክፍት ሆኖ የላፕቶፑ ስክሪን ብቻ ይጠፋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ይህንን ነው። ስክሪኑን ማጥፋትና ክዳኑን መዝጋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይህን አድርገውም ፊደሉ ካልጠራ ገመዱን ይዩ። ሰማያዊ ጫፍ ያለው፣ በሁለት ብሎን የሚታሰረው ወፍራም ገመድ ቪጂኤ ይባላል፤ ምስሉን በአናሎግ ስለሚያስተላልፍ ፊደል ዳር ዳሩ ላይ ጥላ ሊያሳይ ይችላል። ሞኒተሩ ላይ ያለውን የ«አውቶ» ቁልፍ አንዴ ይጫኑት። ሁለቱም ኤችዲኤምአይ ካላቸው ግን ሳያመነቱ ገመዱን ይቀይሩ። አዲስ ላፕቶፕ ገዝታችሁ በዩኤስቢ ሲ ሞኒተር ልታገናኙ ያሰባችሁ አንባቢዎችም ካላችሁ፣ ቀዳዳው ስላለ ብቻ ምስል ያወጣል ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ቻርጅና ዳታ ብቻ ነው። ገመድ ከመግዛታችሁ በፊት የላፕቶፑን ሞዴል አይታችሁ አረጋግጡ።

አሁን ወደ ጓደኛዎ ሴቲንግ። ላፕቶፕ ክዳኑ ሲዘጋ የሚጠፋው ስለሚጎዳ አይደለም። ክዳኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ማግኔት፣ ከታች በኩል ደግሞ ማግኔቱ ሲጠጋ የሚያውቅ ሴንሰር አለ። ሴንሰሩ «ተዘጋ» ብሎ ያሳውቃል፤ ከዚያ በኋላ መተኛት ወይም አለመተኛት የዊንዶውስ ውሳኔ ነው። አንድ ደንበኛ ላፕቶፑ «በራሱ ጊዜ ይተኛል» ብሎ አምጥቶልኝ ነበር። እኔ ጋ ሁለት ቀን ሲቀመጥ አንዴም አልተኛም። ሊወስደው መጥቶ ሊሞክረው ሲቀመጥ፣ እንደ ልማዱ ስልኩን ከኪቦርዱ ፊት ለፊት መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አስቀመጠው፤ ላፕቶፑ ድርግም አለ። የስልኩ ሽፋን በማግኔት የሚዘጋ ዓይነት ነበር። ያን ቀን ገንዘብ አልተቀበልኩትም፤ ሽፋኑን ቀይር ብዬ ሸኘሁት።

ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ገብተው ክዳን ሲዘጋ ምን ይሁን የሚለውን ሲከፍቱ ሁለት ዓምድ ያገኛሉ፤ አንዱ በባትሪ ሲሆን፣ ሌላው ቻርጀር ላይ ሲሆን። ሰው ሲቸኩል ሁለቱንም «ዱ ናቲንግ» ያደርጋቸዋል። የርስዎም እንደዚያ ሆኖ ከሆነ ዛሬውኑ ያስተካክሉት። የባትሪው «ስሊፕ» መሆን አለበት። አለበለዚያ ማታ ከቢሮ ሲወጡ ዘግተው ቦርሳ ውስጥ ይከቱታል፣ እሱ ግን ሳይተኛ እየሠራ ነው። አየር በሌለበት ቦርሳ ውስጥ እየጋለ ባትሪውን ይጨርሳል። ሐረጎን ወጥተው ደሴ እስኪደርሱ ቦርሳው ጀርባዎን ያሞቅዎታል፤ ይህን ደግሞ በብርድ ቀን እንደ በረከት የቆጠረው ሰው አጋጥሞኛል። ሌላም ጥንቃቄ አለ፦ ተዘግቶ ቻርጀር ላይ ሲሠራ የቆየን ላፕቶፕ ቻርጀሩን ስለነቀሉት ብቻ ተኛ ብለው አይመኑ። መጀመሪያ ከስታርት ሜኑ ስሊፕ ወይም ሸት ዳውን ይበሉት፣ ፋኑ ዝም ማለቱን ይስሙ፣ ከዚያ ይንቀሉ።

የፋኑ ጩኸትና መንቀርፈፉ አንድ ናቸው። ብዙዎቹ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። እርስዎ የሚያዩት መንቀርፈፍ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ከሰዓት በኋላ የሚብሰውም ክፍሉ ስለሚሞቅ ነው፤ ፋን የሚነፋው የክፍሉን አየር ነውና ክፍሉ አምስት ዲግሪ ሲጨምር ውስጡም በዚያው ልክ ይጨምራል።

መዝጋቱ ይህን ያባብሰዋል ወይ? ይህ በማሽኑ አሠራር ይወሰናል፤ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚቃረን ምክር የሚሰጡዎትም ለዚህ ነው። ላፕቶፑን ይገልብጡትና ቀዳዳዎቹን ይዩ። አብዛኛው ላፕቶፕ አየር ከሥር ይስብና በጎን ወይም ከኋላ፣ በክዳኑ ማጠፊያ በኩል ያስወጣል። በጎን የሚያስወጣ ከሆነ ክዳኑ ቢዘጋ ብዙ ለውጥ የለውም። በማጠፊያው በኩል የሚያስወጣው ግን ሲዘጋ ክዳኑ መውጫውን በከፊል የሚጋርድበት ጊዜ አለ፤ ትኩሱ አየር ከስክሪኑ ታችኛ ጠርዝ ጋር እየተጋጨ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይሳባል። አንዳንዱ ደግሞ በኪቦርዱ ቁልፎች መካከልም አየር ይስባል፤ እሱን መዝጋት አፍንጫውን መያዝ ነው። ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ሥራ በዝቶበት ፋኑ ሲጮህ መዳፍዎን በየጎኑና ከኋላው ያስጠጉ፤ ትኩሱ በየት እንደሚወጣ እጅዎ ይነግርዎታል።

ስለዚህ የአክስትዎ ልጅ ልምድ ለርስዎ ማስረጃ አይሆንም። ማሽኑ ሌላ ነው፣ አየሩም ሌላ ነው። ደሴ ከጦሳ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ወርዳ ትገኛለች። ደሴ ቀዝቃዛ ስለሆነች ላፕቶፕ አይግልም የሚል እምነት አለ። ግማሹ ልክ ነው። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ስስ ነው፤ በእኩል ሙቀት ቢለካ ደሴ ላይ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል፣ የኮምቦልቻው አንድ አምስተኛ ያህል። ፋን በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ስፋት ያው ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ግን ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። አምራቾች በመመሪያቸው ላይ ላፕቶፑ እስከ 3,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ይሠራል ብለው የሚጽፉት ያለ ምክንያት አይደለም። ደሴ በብርዱ ያተረፈችውን በስስ አየሯ ትመልሳለች፣ ኮምቦልቻ ደግሞ በተገላቢጦሽ። ሁለቱም ከተማ ላይ ላፕቶፕ እጠግናለሁ፤ በሙቀት ተጎድቶ የመጣን ማሽን አይቼ ከየትኛው ከተማ እንደመጣ መለየት አልችልም።

ከከተማው ይልቅ የምለየው አቧራውን ነው። ባለፈው የከፈትኩት ላፕቶፕ ባለቤቱ ዘግቶ የሚሠራበት ነበር፤ ክዳኑ ላይ የደረሰኝ ጥራዝ፣ ከጥራዙ ላይ የቡና ሲኒ ይቀመጥ እንደነበር የሲኒው ክብ ምልክት ይመሰክራል። የሥሩን ሽፋን ሳነሣ ከፋኑ ፊት ያሉት ቀጫጭን የመዳብ ጥርሶች አይታዩም ነበር፤ አቧራው ተደርቦ እንደ ባዘቶ ተነጥፎባቸዋል። በወረንጦ ጫፉን ይዤ ስስበው ሳይበጣጠስ አንድ ሆኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ ተከፍቶም ተዘግቶም ፋኑ ድምፁ አይሰማም። ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዙ ውስጡ መቼ እንደተጠረገ የሚነግርዎት የለም፤ ስለዚህ አልተጠረገም ብለው ይጀምሩ። ሲያስጠርጉ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን ቴርማል ፔስትም ያስቀይሩ፤ በዓመታት ውስጥ ስለሚደርቅ ሙቀቱን ወደ መዳቡ ማድረስ ያቅተዋል።

«ስክሪኑ ይቃጠላል» የሚለው የተጋነነ ነው። ተዘግቶ ስለሠራ ብቻ በአንድ ወር ስክሪን አይበላሽም። መውጫው ማጠፊያው ሥር የሆነና ቀኑን ሙሉ የሚግል ማሽን ለዓመታት ከተዘጋ ግን የስክሪኑ ታችኛ ጠርዝ ላይ ቀለም የለወጠ ቦታ ሊወጣ ይችላል። ከስክሪኑ በፊት ግን የሚሞተው ባትሪው ነው። የሊቲየም ባትሪ ሁለት ጠላት አለው፤ ሙቀትና ሁልጊዜ 100 ፐርሰንት ሞልቶ መቀመጥ። ተዘግቶ ቀኑን ሙሉ ቻርጀር ላይ የሚውል ላፕቶፕ ሁለቱንም በአንድ ላይ ያገኛል። ብዙ አምራቾች ቻርጁ 80 ፐርሰንት ላይ እንዲቆም የሚያደርግ ምርጫ በራሳቸው ፕሮግራም ወይም ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ) ውስጥ አስቀምጠዋል፤ የርስዎ ካለው ያብሩት።

የተዘጋ ላፕቶፕ የሚደብቀው አደጋ ደግሞ የባትሪ ማበጥ ነው። ክፍት ሲሆን ታችፓዱ ከፍ ማለቱን፣ ቁልፎቹ መሐል መሐላቸው መነሣታቸውን ያያሉ። ዘግተው በወር አንዴ የሚከፍቱት ከሆነ ግን የሚያውቁት ክዳኑ አልገጥም ሲል ወይም የሥሩ ሽፋን ሲሰነጠቅ ነው። ያበጠ ባትሪ ካዩ ያጥፉት፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ በጣት አይጫኑት፣ በምንም ነገር አይውጉት፤ ለባለሙያ ይስጡት። ይህ ሊቆይ የሚችል ነገር አይደለም፤ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

አሁን «ባትሪውን አውጥተህ ሥራበት» ስላለዎት ሰው። አይስሙት። መብራት በድንገት በሚሄድበት ከተማ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ የሚበልጥበት ትልቁ ነገር ባትሪው ነው። የፒችትሪ (የሂሳብ ፕሮግራሙ) ፋይል ተከፍቶ፣ ግማሽ ወር የተመዘገበበት ሆኖ መብራት ድርግም ቢል፣ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ እንኳን ሊጠፋ አይነቃነቅም። ባትሪ የወጣለት ላፕቶፕ ግን እዚያው ይሞታል፤ በዚያች ቅጽበት እየተጻፈ ያለ ፋይል ካለ ሊበላሽ ይችላል። በዚያ ላይ አንዳንድ ላፕቶፖች ባትሪ ሲወጣ ሆን ብለው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ሥራ ሲበዛ ከቻርጀሩ በላይ የሚፈልጉትን ኃይል ከባትሪው ስለሚወስዱ። እርስዎ መንቀርፈፉን ሊሸሹ ብለው ሌላ መንቀርፈፍ ሊገዙ ነው። ባትሪው ደክሞ አሥር ደቂቃ ብቻ የሚይዝ ቢሆን እንኳን ይተዉት፤ ፋይል ለማስቀመጥ አሥር ደቂቃ ብዙ ነው። ብቸኛው የሚወጣበት ምክንያት ማበጥ ነው።

መብራት ሲሄድ ሞኒተሩ ባትሪ ስለሌለው ይጠፋል። ላፕቶፑ ተዘግቶ ከሆነ እርስዎ ጥቁር ስክሪን ፊት ቁጭ ብለው ማሽኑ ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ አያውቁም። ክፍት ሆኖ «ኤክስቴንድ» ላይ ከሆነ ግን ትንሹ ስክሪን አጠገብዎ እየበራ ነው፤ ፋይሉን ያስቀምጣሉ፣ ከፈለጉም ይቀጥላሉ። ሞኒተሩም አብሮ እንዲቆይ ከፈለጉ አነስተኛ ዩፒኤስ ይበቃል፤ 24 ኢንች የኤልኢዲ ሞኒተር የሚበላው ከ20 እስከ 30 ዋት አካባቢ ስለሆነ፣ ባትሪው ደህና የሆነ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ተረጋግተው ሥራዎን የሚዘጉበት ጊዜ ይሰጥዎታል። ላፕቶፑን እዚያ አይሰኩበት፤ የራሱ አለው። መብራት ሲመጣ የሚገባውን ከፍ ያለ ቮልቴጅ ለመከላከል ደግሞ ሞኒተሩንም ቻርጀሩንም ተራ ዲቫይደር ላይ ሳይሆን ስታቢላይዘር ባለበት መስመር ላይ ያድርጓቸው። የላፕቶፕ ቻርጀር በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የቮልቴጅ መውረድ ብዙም አይጎዳው፤ የሚፈራው መውጣቱ ነው።

ሲዘጉ የሚያጡትን ሌላ ነገር ባጭሩ ልጥቀስ። ካሜራው ይሸፈናል፣ ድምፅ መቀበያውም ይታፈናል፣ ስለዚህ በኦንላይን ስብሰባ ላይ አይጠቅምዎትም። ማብሪያው ከኪቦርዱ አጠገብ ከሆነ ለማብራት ሁልጊዜ መክፈት ይኖርብዎታል። የዋይፋይ አንቴናው በብዙ ላፕቶፖች ስክሪኑ ዙሪያ የተቀበረ ስለሆነ ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት ክፍል ልዩነቱ ሊሰማዎት ይችላል።

መዝጋት ነውር ነው እያልኩ አይደለም። ለዚሁ ተብለው የሚሸጡ ዶክ የሚባሉ ማገናኛዎች አሉ፤ አፕልም ማክቡክን ቻርጀር፣ ሞኒተር፣ ኪቦርድና ማውስ ሰክቶ ዘግቶ መጠቀምን በመመሪያው ውስጥ አስቀምጦታል። ኤም 1 ቺፕ ከያዘው ጀምሮ ያሉት ማክቡክ ኤሮች ጭራሽ ፋንም የላቸውም። የርስዎ ጠረጴዛ ጠባብ ሆኖ መዝጋት ግድ ከሆነብዎት መጀመሪያ ይለኩ። ኮር ቴምፕ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ይጫኑ፤ ከሰዓት በኋላ፣ ክፍሉ በሞቀበት ሰዓት፣ የተለመደ ሥራዎን ግማሽ ሰዓት ከፍተው፣ ግማሽ ሰዓት ዘግተው ይሥሩና ከፍተኛውን ሙቀት ይመዝግቡ። ልዩነቱ አራት አምስት ዲግሪ ብቻ ከሆነና ሁለቱም ከ85 በታች ከሆኑ ዘግተው ይሥሩ፣ ማንም አያስፈራራዎት። ተዘግቶ 90ን ከዘለለ ግን አይዝጉት። ቁጥሮቹ የኔ ልክ ናቸው እንጂ ሕግ አይደሉም፤ በሥራ ላይ ግን አላሳፈሩኝም። ዘግተው ሲሠሩ ከኋላ በኩል ሁለት ጣት ያህል ከፍ ያድርጉት፣ ከሥሩ ጨርቅ አያንጥፉ፣ ከላዩ ምንም አያስቀምጡ። በቁሙ የሚያቆም ማስቀመጫ ካለዎትም የአየር መውጫው ወደ ታች እንዳይሆን ይጠንቀቁ።

ለርስዎ ማሽን የምመክረው ግን አንድ ነው፦ ክፍት ያድርጉት። ሞኒተሩን ፊት ለፊትዎ፣ ላፕቶፑን በግራ በኩል ትንሽ ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ «ኤክስቴንድ» ላይ ያድርጉት፤ ትልቁ ላይ መዝገቡን፣ ትንሹ ላይ የባንክ ስቴትመንቱን ወይም ደረሰኙን ይክፈቱ። ለሂሳብ ሠራተኛ ሁለት ስክሪን ትርፍ ነው፤ ገንዘብ ከፍለው የገዙትን አንዱን ዘግተው ማስቀመጥ ምን ይጠቅማል? ክዳን በባትሪ ሲዘጋ «ስሊፕ» እንዲሆን ያስተካክሉ። በዚህ ሳምንት ውስጥ ደግሞ ውስጡን ያስጠርጉ፣ ፔስቱንም ያስቀይሩ። ይህን ሁሉ አድርገው፣ ተከፍቶ ቀላል ሥራ ላይ እያለ አሁንም 90 ዲግሪ የሚያሳይ ከሆነ ፋኑ ራሱ ደክሟል ወይም ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ የሚወስደው የመዳብ ቱቦ ሥራውን አቁሟል፤ ሞዴሉን ጽፈው ፋን ያፈላልጉ፣ እስኪገኝም ከባድ ሥራ ጠዋት ጠዋት ይሥሩበት።